ያረጁ ወላጆችና ያረጀ ቤት፤ ለልጆች የተጻፈ ምክር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ልጅ አባቱንና እናቱን ያከብር ዘንድ እግዚአብሔር በሙሴ እጅ የሰጠውን ትእዛዝ ከሕፃንነትህ ጀምረህ ተምረኸዋል፤ ምናልባትም በቃልህ ታውቀው ይሆናል። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ የሚከብደው በምን ጊዜ እንደ ሆነ አስበህ ታውቃለህን? ሕፃን ሳለህ ለመታዘዝ የሚያስገድድህ የአባትህ ብርታት ነበረ። ዛሬ ግን አባትህ ደክመዋል፤ የእናትህም ዓይን ፈዝዞአል፤ ብርታቱም ወደ አንተ ተላልፎአል። እንግዲህ ትእዛዙ በእውነት የሚፈተነው አሁን ነው፤ የሚያስገድድህ ሰው በሌለበት ጊዜ።

ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልንነግርህ እንወዳለን። ይኸውም የሸመገሉ ወላጆች ጥገና የሚያስፈልገውን አሮጌ ቤታቸውን ሊሸጡ በተነሡ ጊዜ ልጅ እንዴት ሊረዳቸው እንደሚገባ ነው። ይህ የገበያ ነገር ነው እንጂ የሃይማኖት ነገር አይደለም አትበል። የሰው እምነት በጸሎት ቤት ውስጥ ብቻ አይታይም፤ በውል ወረቀት ላይና በገንዘብ ቈጠራ ጊዜም ይታያል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ እናስበው። በደሴ ከተማ፥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ እንበል። ቤቱን በጐልማሳነታቸው ጊዜ ባሕር ዛፍ አስቈርጠው፥ ጭቃውን ከጭድ ጋር አስረግጠው፥ ቆርቆሮ አልብሰው ሠሩት። ልጆቻቸውን በዚያ ወለዱ፤ በዚያም ዳሩ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ራብ በመታው ጊዜ የተራበው ሕዝብ ወደ ደሴ ሲጐርፍ ከዚያች ቤት ደጃፍ ሆነው አዩ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነ ጊዜ ያችን አንዲት መኖሪያቸውን ይዘው ቀሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በገባ ጊዜም ጕልበት ያለው ሁሉ ሲሸሽ እነርሱ በራቸውን ዘግተው ጸለዩ። እንግዲህ ያ ቤት ለእነርሱ እንጨትና ጭቃ ብቻ አይደለም።

አሁን ግን ቤቱም ባለቤቶቹም አርጅተዋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ያለች፥ ዳገትና ቍልቍለት የሚበዛባት ከተማ ናት፤ መሬትዋም በአንዳንድ ስፍራ በክረምት እንደሚንሸራተት ነዋሪዎችዋ ያውቃሉ። ከላይ ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ የቤቱን የጓዳ ግድግዳ አርሶታል፤ ከቋሚዎቹም አንዳንዶቹ እግራቸው በስብሶአል፤ ቆርቆሮው ዝጎአል፤ አሸንዳው ወድቆአል። ሽማግሌው ወደ ጣሪያ ሊወጡ አይችሉም፤ ባለቤታቸውም ገበያ ደርሰው ዳገቱን ሲመለሱ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ብርዱ ለሽማግሌ አጥንት ይከብዳል። ኮምቦልቻ ግን በሐረጎ ቍልቍለት ወርደው የሚደርሱባት፥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች፥ ሞቃት ከተማ ናት። አንዲት ልጃቸው በዚያ ትኖራለች፤ አንድ ወንድ ልጃቸው ደግሞ በአዲስ አበባ ሥራ ይዞአል። ልጆቹም ቤቱ ይሸጥና ወላጆቻችን ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ ብለው ተመካከሩ።

ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ መልካም ምክር መንገድ ላይ ሦስት ፈተናዎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መጀመሪያው ወላጆችን ሳይጠይቁ መቸኰል ነው። ሁለተኛው የቤቱን ጉድለት መሰወር ነው። ሦስተኛው የሽያጩን ገንዘብ እንደ ራስ ገንዘብ መቍጠር ነው። እነዚህን በየተራ እንመልከታቸው።

ስለ መጀመሪያው እንናገር። ልጆች ብዙ ጊዜ በፍቅር ስም ይቸኵላሉ። እርስ በርሳቸው በስልክ ይነጋገራሉ፤ ደላላ ይጠራሉ፤ ዋጋ ይቈርጣሉ፤ በመጨረሻም ለወላጆቻቸው የተፈጸመ ነገር ያሰማሉ። ይህ ግን ወላጆችን እንደ ዕቃ አንሥቶ ከስፍራ ወደ ስፍራ ማስቀመጥ ነው እንጂ መርዳት አይደለም። ዮሴፍ ምን እንዳደረገ አስብ። እርሱ በግብፅ ምድር ከፈርዖን ቀጥሎ የሚያዝዝ ትልቅ ሹም ነበረ፤ ነገር ግን አባቱን ያዕቆብን በሹመቱ አላስገደደውም። ሠረገላና ስንቅ ላከ፤ ደግሞም በመንገድ ሊቀበለው ወጣ። ያዕቆብም በቤርሳቤህ ቆመ፤ በዚያም ለአምላኩ መሥዋዕት ሠዋ፤ እግዚአብሔርም በሌሊት ተገልጦ ወደ ግብፅ መውረድን እንዳይፈራ አጽናናው። የ130 ዓመት ሽማግሌ አገሩን ሲለቅ መፍራቱን መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ነውር አልቈጠረበትም። ልጁም ፍርሃቱን አልናቀበትም።

የአባትህም ፍርሃት ምን እንደ ሆነ ጠይቅ። ምናልባት አንተ ስለ ዋጋው የሚጨነቁ ይመስልሃል፤ እርሳቸው ግን የሚጨነቁት ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። እናትህ ለብዙ ዘመን ወር በወር የከፈሉት እድር በደሴ ነው። ወደ ኮምቦልቻ በወረዱ ጊዜ፥ ብሞት ማን ድንኳን ይተክልልኛል፥ ማንስ ያለቅስልኛል ብለው በልባቸው ያስባሉ፤ ነገር ግን ልጆቼን አስቸግራለሁ ብለው አይናገሩም። ያዕቆብም ይህንኑ አስቦ ነበር፤ ከአባቶቹ ጋር ይቀብረው ዘንድ ዮሴፍን በመሐላ ለመነው፤ ዮሴፍም ማለለት፥ መሐላውንም ፈጸመ። አንተም እንዲሁ አድርግ። ከሽያጩ በፊት በኮምቦልቻ ባለው እድር አስመዝግባቸው፤ የት ሊቀበሩ እንደሚወዱም ሳታፍር ጠይቃቸው፤ የጠየቁህንም ቃል ግባላቸው። ይህ አንድ ነገር ብቻ የብዙ ሌሊት እንቅልፍ ይመልስላቸዋል።

ደግሞም ሁለቱንም ጠይቅ። ብዙ ልጆች ከአባታቸው ጋር ብቻ ተነጋግረው እናታቸውን ይረሳሉ። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ ያለ ሁለቱ ፈቃድ እንዳይሸጥ የቤተሰብ ሕግ ያዝዛል። ነገር ግን ሕጉ ባያዝዝም ኖሮ፥ በዚያ ቤት ምድጃ ዕድሜዋን የጨረሰች እናት ስለ ቤቱ ድምፅ የላትም ማለት በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይቆማል? እናትህ አልሸጥም ቢሉ፥ እስኪፈቅዱ ድረስ ታገሥ፤ እስከዚያም ጣሪያውን ጠግንላቸው።

ወደ ሁለተኛው ፈተና እንለፍ። ይህ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው፤ በትዕግሥት አንብበው።

በጭቃ ቤት ላይ የሚደርሰው ጥፋት ብዙ ጊዜ ከውሃ ይመጣል። ከላይ በተበሳ ቆርቆሮ፥ ከጎን ነፋስ በሚነዳው ዝናም፥ ከታችም በእርጥብ መሬት ይገባል። በመሬት የተተከለው ቋሚ እግሩ እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል፤ ላዩ ግን ደኅና መስሎ ይቆማል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው አዲስ ምርጊት ቢመርግበትና ኖራ ቢቀባው፥ በጥር ወር ለሚመጣ ገዢ አዲስ ቤት ይመስለዋል። የክረምቱ ዝናም በመጣ ጊዜ ግን እርጥበቱ በኖራው ላይ ተመልሶ ይወጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ኮምቦልቻ በሞቀ ቤት ተቀምጦአል፤ ገዢው ግን ልጆቹን ይዞ ሊወድቅ በቀረበ ግድግዳ ሥር ይተኛል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ታመመ ቤት የተጻፈ ሥርዓት አለ። በቤት ግድግዳ ላይ ክፉ ምልክት በታየ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ራሱ ሄዶ ያየውን ለካህኑ ያስታውቅ ዘንድ ታዘዘ። ይህን ልብ አድርግ፤ ጎረቤት እስኪከስሰው ወይም ገዢ እስኪደርስበት አይጠብቅም፤ ባለቤቱ ራሱ ይናገራል። ካህኑም ቤቱን አይቶ ሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ተመልሶም ያያል፤ ምልክቱ ሰፍቶ እንደ ሆነ የታመሙትን ድንጋዮች አስወጥቶ፥ ውስጡን አስፍቆ፥ በአዲስ ጭቃ ያስለስነዋል። ደዌው እንደ ገና ቢመለስ ቤቱ ይፈርሳል። እንግዲህ አስቀድሞ መመርመር፥ ቀጥሎ የታመመውን ማውጣት፥ በኋላ መለሰን ይገባል። እኛ ግን ሥርዓቱን ገልብጠን ከልስኑ እንጀምራለን፤ መመርመሩንም ለገዢው እንተውለታለን።

ስለዚህ አንተ ልጅ የሆንህ ሰው ወላጆችህን ስትረዳ ሥራህን በዚህ ተራ ጀምር። የታመነ አናጢ ወይም ግንበኛ ጥራ፤ የጓዳውን ግድግዳ፥ የቋሚዎቹን እግር፥ ጣሪያውን፥ የኤሌክትሪክ ሽቦውንም ከእርሱ ጋር ሆነህ እይ። ከተቻለ ዝናም በሚዘንብበት ቀን እይ፤ ዝናም የማይዋሽ መርማሪ ነውና። ከዚህ በኋላ ጥገናውን በሦስት ክፈለው። በመጀመሪያው ክፍል ሰውን ሊገድል የሚችለውን አግባ፤ እንደ ተላጠ ሽቦና እንደ ዘመመ ግድግዳ ያለውን። በሁለተኛው ክፍል ጥፋትን እየጨመረ የሚሄደውን አግባ፤ የተበሳ ቆርቆሮ መለወጥ፥ አሸንዳ መስቀል፥ በቤቱ ጀርባ በተዳፋቱ በኩል ውሃውን የሚያሳልፍ ቦይ መቈፈር የዚህ ክፍል ናቸው፤ ወጪያቸው ከሌላው ጥገና ያነሰ ሲሆን ጥቅማቸው ትልቅ ነው። በሦስተኛው ክፍል መልክን የሚያሳምረውን አግባ፤ ቀለምና ኖራ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሳይሸጥ አስጠግን፤ ወላጆችህ እስከዚያው ድረስ በዚያ ሥር ይተኛሉና። ሁለተኛውን አቅምህ እንደ ፈቀደ አድርግ። ሦስተኛውን ግን ሁለቱን ሳትፈጽም አትንካ፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ መሸፈኛ ይሆናልና። ሊጠገን ያልቻለውንም ሁሉ በወረቀት ጽፈህ ለገዢው አሳየው። አናጢው የገመተውን የጥገና ወጪም አትደብቀው። ቤቱንም ስታሳየው ከጓዳው ጀምር።

ምናልባት አባትህ በዚህ ጊዜ እንዲህ ይሉህ ይሆናል፤ «ልጄ፥ ይህን ሁሉ ከተናገርን ማን ይገዛናል? ቢገዛስ በምን ዋጋ? እኔና እናትህ ከዚህ ቤት በቀር ጥሪት የለንም። የምንታከምበትም የምንቀበርበትም ከዚህ የሚገኘው ብር ነው። እኛን በእርጅናችን እያስራብህ ለማናውቀው ሰው ታዝናለህን?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በቀላል ቃልም ሊመለስ አይገባም። አባትህ የተናገሩት ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ችግርን አይተው ነው። በዚህ ስፍራ ሁለት ልጆች ሁለት መንገድ ይይዛሉ። አንደኛው፥ አባቴን ማክበር ይገባኛል ብሎ ግድግዳውን ኖራ ይቀባል፥ ገዢውንም ያታልላል። ሁለተኛው፥ እውነት መናገር ይገባኛል ብሎ ጉድለቱን ይናገራል፤ ዋጋው ሲወርድ ግን ወላጆቹን በተቀነሰው ዋጋ ትቶአቸው ወደ ሥራው ይመለሳል። የፊተኛው ጎረቤቱን በደለ፤ ሁለተኛውም ወላጆቹን በደለ። ይህ ሁለተኛው ሰው እውነትን በአፉ ተናገረ፤ የእውነትን ዋጋ ግን ሽማግሌዎቹን አስከፈላቸው።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የዚህች ጽሑፍ ምክር ሁሉ በእርሱ ይጠቃለላል። እውነቱ ይነገር፤ ስለ እውነቱ ከዋጋው የጐደለውን ግን ልጆች ይሙሉት። አባትህን አክብረህ እንዲህ በላቸው፤ «አባቴ፥ በዚህ ነገር የሚጐድልብዎ ቢኖር በእኔና በእኅቴ ላይ ይሁን። እርስዎ ያሳደጉን በውሸት እንጀራ አይደለም፤ እኛም በውሸት እንጀራ አንጦርዎም።» ከዚህም በኋላ ከእኅትህ ጋር ተቀምጠህ ከደመወዝህ ወር በወር የምትሰጠውን ቍረጥ። ለወላጆች እንጀራና መድኃኒት መስጠት ቸርነት አይደለም፤ ዕዳ ነው። የአገራችንም የቤተሰብ ሕግ ልጅ የተቸገሩ ወላጆቹን እንዲረዳ ግዴታ አድርጎበታል።

ይህን ዕዳ በሃይማኖት ስም ሊሸሹ የወደዱ ሰዎች በጌታችን ዘመንም ነበሩ። ለወላጆቻቸው ሊሰጡት የሚገባቸውን ገንዘብ ቍርባን ነው፥ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው እያሉ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ጌታ ኢየሱስም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈ በብርቱ ገሠጻቸው። እንግዲህ ለእግዚአብሔር የተለየውን ገንዘብ ምክንያት ማድረግ እንኳ ካልተፈቀደ፥ የራስን ምቾት ምክንያት ማድረግ እንዴት ይፈቀዳል?

እውነትን በመናገር ገዢ ሊጠፋ መቻሉን አንክድም። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 4 ቦዔዝ ስለ ኑኃሚን መሬት በከተማው በር ከዐሥር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ በተነጋገረ ጊዜ፥ ሊገዛ ፈቅዶ ለነበረው ዘመድ ከመሬቱ ጋር ያለውን ሸክም ሁሉ ገልጦ ነገረው። ያ ዘመድ ሸክሙን በሰማ ጊዜ ቃሉን መለሰ። ቦዔዝ ግን ሸክሙን እያወቀ ራሱ ተሸከመው፤ ኑኃሚንም በእርጅናዋ የሚጦራት አገኘች። አንተም የምትፈልገው ሸክሙን እያወቀ የሚገዛ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ይዘገይ ይሆናል፤ በመጣ ጊዜ ግን ከዓመት በኋላ በፍርድ ቤት አይጠራህም። በተንኰል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። ሽማግሌ አባትህ በክስ መጥሪያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመላለሱ ማየት ትወዳለህን?

ገዢው የእምነትህ ሰው ባይሆንስ? በወሎ ምድር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ በአንድ ጀበና ቡና ይጠጣሉ፤ በደስታም በኀዘንም አብረው ይቆማሉ። ለክርስቲያን ገዢ አንድ ቃል፥ ለሙስሊም ገዢ ሌላ ቃል ያለው ሰው የክርስቶስን ስም ያሰድባል። ለእኅትህ ልጅ ልትሸጥ ብትሆን የማትሰውረውን ነገር ለማንም አትሰውር። የደላላውንም ምላስ ጠብቅ፤ እርሱ በአንተ ስም የሚናገረው ውሸት በአንተ ላይ ይቈጠራልና። ጉድለቱን ለሚመጣው ሁሉ እንዲናገር አስቀድመህ እዘዘው።

ወደ ሦስተኛው ፈተና ደረስን፤ እርሱም ገንዘቡ ነው። ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚል የአባቶች ተረት አለ። ይህ ተረት የተነገረው በሌባ ልጅ ላይ ብቻ አይመስልህ። ከሽያጩ ብር ላይ ለጊዜው ብዬ ነው እያለ የሚያነሣ፥ ኋላ የምወርሰው ነው እያለ አስቀድሞ የሚካፈል፥ ወንድሜ ወስዶአልና እኔም ልውሰድ የሚል ሁሉ በዚህ ተረት ውስጥ ይገኛል። ወላጆች በሕይወት ሳሉ ውርስ የለም፤ ያለው የወላጆች ገንዘብ ነው።

ይስሐቅ ሸምግሎ ዓይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ ልጁ ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፥ የፍየል ጠቦት ቍርበት በእጁ ላይ አድርጎ እንዳታለለው ታስታውሳለህ። ያዕቆብ በረከቱን አገኘ፤ ነገር ግን በዚያ ምክንያት ከእናቱ ቤት ተሰደደ፥ በስደቱም አገር አጐቱ ደጋግሞ አታለለው። በዛሬ ዘመን የፈዘዘ ዓይን የሚታለለው በጠቦት ቍርበት አይደለም፤ ሳይነበብ በሚፈረም ወረቀት ነው። አባትህ በጣታቸው የሚፈርሙ ወይም ጽሕፈቱን ማየት የማይችሉ ቢሆኑ ወረቀቱን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፥ ዘመድ ያልሆነ ሰው ባለበት፥ ቀስ ብለህ አንብብላቸው፤ ያልገባቸውንም ተርጕምላቸው። በሳቡት ጣት ላይ ቀለም ከመቀባትህ በፊት ልባቸው እንደ ተቀበለው እወቅ።

ወላጆችህ በእርጅና ምክንያት ወደ ጽሕፈት ቤቶች ሊመላለሱ ባይችሉ ውክልና ይሰጡሃል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና እንደማይበቃና ሽያጩን የሚፈቅድ ልዩ ሥልጣን እንደሚያስፈልግ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል፤ ወኪልም ለወካዩ በፍጹም ቅን ልቡና እንዲሠራ ያዝዛል። የቤት ሽያጭ ውልም በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የግል ንብረት ሆኖ ስለማይሸጥ፥ ስለ ይዞታው ምን እንደሚተላለፍና ምን እንደሚከፈል ውል ከመጻፉ በፊት የይዞታውን ካርታ ይዘህ በከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ይህ ሁሉ የሕግ ነገር ነው። ከሕጉ በላይ ግን ይህን አስብ፤ ውክልና በእጅህ የገባ ቀን አንተ የአባትህ እጅ ሆንህ እንጂ የቤቱ ባለቤት አልሆንህም። እጅ የሠራውን ለራሱ አያስቀርም፤ ወደ አፍ ያደርሰዋል።

ስለዚህ ሥራህን በብርሃን ሥራ። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን የመክፌላን እርሻና ዋሻ በ400 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ ሕዝቡ እየሰማ በከተማው በር ገዛ፤ ብሩም ተመዘነ፤ የእርሻው ዳርቻና በውስጡ ያለው ዛፍ ሁሉ ታወቀ። አንተም ዋጋው ሲነገር ወንድሞችህና እኅቶችህ ይስሙ፤ ሩቅ ያለውም በስልክ ይስማ። ገንዘቡ በወላጆችህ ስም በባንክ ይግባ እንጂ በአንተ ስም አይግባ። ለጥገና ያወጣኸውን፥ ለደላላ የከፈልኸውን፥ ለመንግሥት የገባውን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ ደብተሩንም ሳትጠየቅ አሳይ። ራስህ ቤቱን ልትገዛ ብትወድ፥ ውክልናውን መልስ፤ ዋጋውን ሌላ የታመነ ሰው ይገምተው፤ ወንድሞችህም ይወቁ። ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው አስቀርተው ነበር፤ ኃጢአታቸው ግን ማስቀረታቸው ብቻ አልነበረም፤ ሙሉውን እንዳመጡ አድርገው መዋሸታቸው ነበር። ለድካምህ ወይም ለመንገድህ ከገንዘቡ የሚገባህ ቢኖር በግልጥ ጠይቅ፤ ቢሰጡህ ተቀበል፤ በስውር ግን አንዲት ብር አታስቀር።

በመጨረሻ ስለ መውጫው ቀን አንድ ቃል እንጨምር። የጭነት መኪናው በደጅ በቆመ ጊዜ አትቸኵል። አባትህ የተከሉትን ዛፍ ይሰናበቱ፤ እናትህም ከጎረቤቶቻቸው ጋር የመጨረሻውን ቡና ይጠጡ። አሮጌ ዕቃ ነው ብለህ የምትንቀው ሳጥን ወይም የተሰነጠቀ ሙቀጫ ቢኖር እርሱን አስቀድመህ ጫን። በኦሪት ሕግ በቅጥር ባለች ከተማ ያለ ቤቱን የሸጠ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ መልሶ ሊቤዠው ይችል ነበረ። እንግዲህ ሰው ቤቱን ሸጦ ልቡ ወደ ኋላ እንደሚመለስ እግዚአብሔር ያውቃል ማለት ነው። አንተም ይህን እወቅ። እናትህ በኮምቦልቻ ተቀምጠው በየቀኑ ስለ ደሴው ቤት ቢያወሩ አትሰልች፤ ከቶም «ተሸጠ እኮ፤ ምን ያደርጋል?» ብለህ አትቍረጣቸው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ በጭንቁ ሰዓት እንኳ እናቱን ለሚወድደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ወላጆችን ከአሮጌ ቤት ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው፤ ሙሉ የሚሆነው በአዲሱ ቤት እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት የተቀመጡ ጊዜ ነው። በልጅህ ቤት የሚኖሩበት ክፍል የራሳቸው ቍልፍ ይኑረው፤ ሰውም ሊጠይቃቸው ሲመጣ የሚቀበሉበት ስፍራ ይኑራቸው።

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተ ገና ተማሪ ነህ፤ ወላጆችህም ገና ብርቱዎች ናቸው። ይህ ነገር አይመለከተኝም አትበል። ዛሬ አባትህ ወደ ጣሪያ ሊወጡ ሲሉ መሰላሉን ያዝ፤ ቦዩንም ከክረምት በፊት ጥረግ። በጊዜው የተጠረገ ቦይ ግድግዳውን ከብዙ ዓመት መበስበስ ያድነዋል። ደመወዝ የያዝህም እንደ ሆነ ሽያጭ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ በሚቀጥለው በዓል ወደ ወላጆችህ በሄድህ ጊዜ ወደ ጓዳ ግባ፤ እጅህን በግድግዳው ላይ አድርግ፤ እርጥብ እንደ ሆነ እወቅ። ለብዙ ዓመት አጠገቡ ተኝተው ዝም ያሉት አንተን ላለማስቸገር ነው።

ዮሴፍ አባቱን በእርጅናው ያስተዳድር ዘንድ ጥበብን የሰጠው አምላክ ለአንተም እውነትን ለመናገር ድፍረትን፥ የእውነትንም ዋጋ ራስህ ለመክፈል ፈቃድን ይስጥህ። አሜን።